ንጉሥ ሲሞት ክሱ ምን ይሆናል?

(ምስል፦ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት መዝገብ ሽፋን።)

ተራኪ፦ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 8 ቀን 2022 ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት በስኮትላንድ ባልሞራል ዐረፉ። በዚያው ቅጽበት በእንግሊዝና በዌልስ በስማቸው ይታይ የነበረ የወንጀል ክስ ሁሉ የንጉሥ ቻርልስ ሣልሳዊ ሆነ። «የንግሥቲቱ አማካሪ» የሚል ማዕረግ የነበራቸው ጠበቆች «የንጉሡ አማካሪ» ተባሉ፤ «የንግሥቲቱ ችሎት»ም «የንጉሡ ችሎት» ሆነ። አዲስ ሕግ ግን አልወጣም። የመዝገቡ ሽፋን እንኳ አልተቀየረም፤ በላቲን ንግሥት «ሬጂና»፣ ንጉሥ «ሬክስ» ስለሚባሉ ምሕጻሩ ያው አንድ ፊደል ነው።

ይህ ጸጥታ በዘመናት ድካም የተገኘ ነው።

(ምስል፦ የመካከለኛው ዘመን እንግሊዝ ካርታ።)

ተራኪ፦ በጥንት ዘመን የአገሩ ሰላም የንጉሡ የግል ሰላም ነበር። ወንጀለኛ የሚከሰሰው «የንጉሡን ሰላም አፈረሰ» ተብሎ ነው። ንጉሡ ሲሞት ሰላሙም አብሮት ይሞታል፤ ተተኪው ዘውድ እስኪደፋ ድረስ ጠባቂ የለም። በእነዚያ ቀናት ቤቱ የተዘረፈበትን ሰው አስቡት፤ አቤት የሚለው ለማን ነው? በ1272 ሄንሪ ሣልሳዊ ሲሞቱ ልጃቸው ኤድዋርድ በመስቀል ጦርነት ዘመቻ ባሕር ማዶ ነበሩ፤ ዘውድ የደፉትም በ1274 ነው። መኳንንቱ ግን ያን ያህል አልጠበቁም። ከአራት ቀን በኋላ፣ አባትየው በተቀበሩበት ዕለት፣ ለአዲሱ ንጉሥ ታማኝነታቸውን ማሉ፤ ሰላሙም በንጉሡ ስም ታወጀ።

ክፍተቱ ጠበበ እንጂ አልተዘጋም። የዳኛው ሹመት ከሿሚው ጋር ይወድቅ ነበር። ከዚህ ሁሉ እኔን የሚያሳዝነኝ ግን ተራው ባለጉዳይ ነው፤ ከጎረቤቱ ጋር የጀመረው የርስት ሙግት ሳይቀር በንጉሡ ሞት ይቋረጥበታል፤ ያለ ጥፋቱ ገንዘቡና ጊዜው ከንቱ ይቀራል። ይህን በደል ያስቀረው የ1547 ሕግ ነው።

ፓርላማም ከንጉሡ ጋር ይፈርስ ነበር፤ ኋላ ስድስት ወር እንዲቆይ ተፈቀደለት፣ በ1867 ደግሞ መፍረሱ ቀረ። ንግሥት ቪክቶሪያ ባረፉበት በ1901 የዘውዱ መተላለፍ የማንንም ሹመት እንዳይነካ ተደነገገ፤ በ1947 መንግሥትን የከሰሰ ሰው ክስም በዚሁ ምክንያት እንዳይወድቅ ተደረገ።

(ምስል፦ የድምፅ መስጫ ሣጥን።)

ተራኪ፦ ሞቱ ዛሬም የሚያቆመው ነገር አለ። ፓርላማ ተበትኖ ምርጫ እየተጠበቀ ሳለ ንጉሡ ቢሞት የድምፅ መስጫው ዕለት በ14 ቀን ይገፋል።