የቅድመ አያቴ ጎራዴ

ሰላም፣ እንዴት ናችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነኝ። ጎራዴ ስለመሥራት ነው የማወራው። ኧረ አትደንግጡ፣ የውሸት ጎራዴ ነው።

ካቻምና የካቲት 23፣ የዓድዋ በዓል ዕለት፣ ምኒልክ አደባባይ ሄድኩ። ነጭ በነጭ ለብሼ፣ ጎራዴ ታጥቄ። ከዋንዛ ጣውላ ራሴ ነበርኩ የሠራሁት። ብርማ ቀለም ቀብቼዋለሁ። ከሦስት ሜትር ላይ ብታዩት ብረት ነው ብላችሁ ትምላላችሁ። ችግሩ፣ ሰው ሦስት ሜትር ርቆ አይቆምም።

አንድ ሽማግሌ ጠጋ አሉኝ። «ልጄ፣ ጎራዴ በቀኝ ነው የሚታጠቀው።» እውነታቸውን ነው፣ ያገራችን ሰው በቀኝ ጎኑ ነበር የሚታጠቀው። እኔ የውጭ ፊልም እያየሁ ስላደግኩ ግራዬ ላይ አንጠልጥየዋለሁ። ቀጥለው «የማን ነው?» አሉኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «የቅድመ አያቴ» አልኳቸው።

ተቀብለው ከካርቶን አፎቱ ሳብ ሲያደርጉት፣ ከጎበጠበት ላይ ቀጭ! ለሁለት። ስብራቱን ወደ ዓይናቸው አስጠግተው አዩት። ለካ አናጢ ናቸው።

«ቅድመ አያትህ በዋንዛ ነው የዘመቱት?»

የምገባበት ጠፋኝ። እሳቸው ግን አልተቆጡም። ስብራቱን በጣታቸው እየነኩ አሳዩኝ። እንጨት የራሱ መስመር አለው። ስለቱ ቀጥ ካለ መስመሩ ከጫፍ እስከ ጫፍ አብሮት ይሄዳል። ከጎበጠ ግን መስመሩ ስለቱን አቋርጦ ይወጣል፣ እዚያ ጋ ትንሽ ጫን ካላችሁት አለቀ። ዋንዛው ምንም አላጠፋም።

አምና እንደገና ጀመርኩ። በዚህኛው ዙር ኮምፔንሳቶ ገዛሁ። ኮምፔንሳቶ ማለት ስስ ስስ እንጨት ነው፣ አንዱ በቁም አንዱ በአግድም ተደራርቦ የተጣበቀ። የትም ብታጎብጡት የሚይዘው ንብርብር አያጣም። ባለ 4 ሚሊ ሜትሩን ሁለት ቆርጬ በኮላ አጣበቅኩ፣ በሞርሳ አስሬ አሳደርኩት። እጀታው ወይራ ነው። ስለቱ እጀታው ውስጥ እስከ መጨረሻው ይዘልቃል፣ አይታይም እንጂ። የመጀመሪያው ሁለት ጣት ብቻ ነበር የገባው። ያኔ የሚታየውን ሳሳምር ነበር የከረምኩት።

አፎቱን ከውሃ ቱቦ ሠራሁት፣ ባለ 40 ሚሊ ሜትር ፒቪሲ። እዚህ ላይ አንድ ጅልነቴን ልናገር። ቱቦውን ለማለስለስ ከሰል ምድጃ ላይ ያዝኩት። ጠቆረ፣ ጨሰ፣ ጉሮሮ የሚያንቅ ሽታ ቤቱን ሞላው። ፒቪሲ ሲቃጠል ሃይድሮጅን ክሎራይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል፣ ሳንባን የሚያቃጥል ነገር ነው። እናቴ ይህን አታውቅም፣ ግን ከነቱቦዬ ወደ ግቢ አባረረችኝ። ልክ ነበረች።

መፍትሔው ድስት ውስጥ ነበር። ፒቪሲ 80 ዲግሪ አካባቢ ይለሰልሳል። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃችን 92 ገደማ ላይ ይፈላል፣ ለቱቦው ግን ይበቃዋል። ስለቱን በፌስታል ጠቅልዬ ቱቦው ውስጥ ከተትኩ። የፈላ ውሃ እያፈሰስኩ፣ በሁለት ጣውላ እየተጫንኩ፣ ጉብጠቱን አስያዝኩት። ጓንት አድርጉ። ሲቀዘቅዝ እንደተጣመመ ቀረ። ከዚያ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት፣ አለበለዚያ ቀለምም ማስቲሽም አይዘውም። በላዩ ቀይ ቆዳ አለበስኩት።

ዘንድሮ ይዤው ወጣሁ፣ በቀኝ ታጥቄ። ልጆች ተቀባበሉት፣ አንዱ መሬት ላይ ጣለው፣ አንዱ እንደ ከዘራ ተደገፈው። ምንም አልሆነም። «እውነተኛ ነው?» ለሚለኝ ሁሉ «ኮምፔንሳቶና የውሃ ቱቦ ነው» እያልኩ ዋልኩ። ሽማግሌውን በዓይኔ ስፈልግ ቆየሁ፣ አላገኘኋቸውም። ሰብረው ቢያዩልኝ ደስ ይለኝ ነበር።

አሁን ሳሎን ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል። ባለፈው እሁድ ጎረቤቶች ቡና ሊጠጡ መጥተው አንዷ ቀና ብላ አየችውና «ውይ፣ ይሄ የማን ነው?» አለች።

እናቴ ቡናውን እየቀዳች፣ ቀና እንኳን ሳትል፣ «የቅድመ አያቱ» አለቻት።