«ጋሼ፣ የቱን ልመን?» ስለ ፕሮሰሰር ሙቀት

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። የማወራው ስለ ሙቀት ነው። ስለ አየሩ አይደለም፣ ኮምፒውተር ውስጥ ስላለው ፕሮሰሰር ሙቀት።

ነገሩን ያመጣው የሰፈራችን ልጅ ነው። የሠርግ ቪዲዮ ኤዲት ያደርጋል። ያገለገለ ዴስክቶፕ ገዛ፣ ራይዘን 7 1700ኤክስ የሚባል የኤኤምዲ ኩባንያ ፕሮሰሰር ያለበት። ስምንት ኮር፤ ለእሱ ሥራ ዛሬም አያንስም። ችግሩ ፋኑ ነው። ማሽኑ ሥራ ፈትቶ እንኳ ይጮኻል። ልጁ ተጨነቀና ሙቀት የሚያሳዩ ፕሮግራሞችን ጫነ። አንዱ 58 ዲግሪ አለው። ሌላው 38። የማዘርቦርዱ የራሱ ፕሮግራም ደግሞ 35። እዚያው ዝርዝር ውስጥ አንድ መስመር 127 ይላል! ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት በሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ ገጽ፣ ባዮስ በሚባለው፣ ገብቶ ቢያይ 66። አንድ ሱቅ ወስዶ ሲያሳያቸው ባዮሱን አይተው «ይሄማ ሊቃጠል ነው፤ የውሃ ማቀዝቀዣ ግዛ» አሉት። ዋጋውን ሲሰማ እኔ ጋ መጣ። «ጋሼ፣ የቱን ልመን?» አለኝ።

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ እወዳለሁ። ምክንያቱም ሁላችንም ቁጥር ስናይ አንድ ነገር እንገምታለን። አንድ ሙቀት አለ፣ አንድ ቴርሞሜትር አለ፣ ከፕሮግራሞቹ አንዱ ልክ ነው፣ ሌላው ውሸታም ነው። እንደዚያ አይደለም። ከልጁ አምስት ቁጥሮች አራቱ ልክ ነበሩ። የተለያየ ነገር ስለሚናገሩ ነው የተለያዩት።

ፕሮሰሰሩ ሙቀቱን የሚናገረው ለእኛ ብሎ አይደለም። ለፋኑ ነው የሚናገረው፣ ለማዘርቦርዱ ነው፣ ፍጥነቱን ለሚቀንሰው የራሱ ክፍል ነው። እኛ ታክሲ ውስጥ አጠገባችን የተቀመጠ ሰው በስልክ ሲያወራ እንደምንሰማው ነው የምንሰማው። «ሃምሳ ስምንት» ሲል እንሰማለን። ሃምሳ ስምንት ምን? ለማን ነው የሚለው? አናውቅም።

በልጁ ማሽን የሆነው ይሄ ነው። ኤኤምዲ በፈረንጆቹ 2017 የመጀመሪያዎቹን ራይዘኖች ሲያወጣ አንዳንዶቹ ላይ ሆን ብሎ ቁጥር ጨመረ። 1700ኤክስና 1800ኤክስ ከእውነተኛው ሙቀታቸው ላይ 20 ዲግሪ ጨምረው ነው የሚናገሩት። ኤክስ የሌለው 1700 ግን ምንም አይጨምርም። ኩባንያው በዚያው ዓመት ምክንያቱን ተናግሯል። በዚያ ሶኬት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ ማዘርቦርዱ ላይ በሚሰካበት ቦታ፣ የሚገቡ ፕሮሰሰሮች ሁሉ ለፋን ቁጥጥር አንድ ዓይነት የሙቀት ጣሪያ እንዲኖራቸው ነው። ስለዚህ ሁለት ቁጥር አለ። ቲ-ሲቲኤል የሚባለው ለፋኑ የሚነገረው ነው። ቲ-ዳይ የሚባለው ቺፑ ራሱ ያለበት ሙቀት ነው። 58 ሲቀነስ 20፣ 38። ሁለቱ ፕሮግራሞች አልተጣሉም ማለት ነው። በኋላ የመጣው 2700ኤክስ ደግሞ 10 ይጨምራል። በየሞዴሉ ስለሚለያይ፣ የቆየ ፕሮግራም የጫነ ሰው የትኛውን እያየ እንደሆነ አያውቅም።

ባዮስ ውስጥ 66 የሆነውስ? እሱም ያው ቲ-ሲቲኤል ነው። ባዮስ ውስጥ ሲሆን ፕሮሰሰሩ ብዙ ጊዜ ኃይል ወደ መቆጠብ አይገባም፣ ዊንዶውስ ላይ ሥራ ሲፈታ ግን ያንቀላፋል። ስለዚህ ባዮስ ላይ ያየኸውን ዊንዶውስ ላይ ካየኸው ጋር ማወዳደር ትርፉ ድካም ነው። የሱቁ ሰዎች ያዩትም ይሄንኑ ቁጥር ነው።

ኢንቴል ያላችሁ ሰዎች «እኛ ተረፍን» እንዳትሉ። የኢንቴል ሴንሰር፣ ሙቀቱን የሚለካው ማለቴ ነው፣ ነገሩ እንዲያውም ይብሳል። «አሁን 60 ነኝ» አይልም። «ጣሪያዬ ላይ ለመድረስ 40 ይቀረኛል» ነው የሚለው። ጣሪያ የምለው ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን መቀነስ የሚጀምርበትን ሙቀት ነው። ወደ ኋላ ነው የሚቆጥረው። ፕሮግራሙ ጣሪያውን 100 ብሎ ከያዘ 60 ይላችኋል። 105 ብሎ ከያዘ 65። ሴንሰሩ አንድ፣ ንባቡም አንድ፣ መልሱ ሁለት። በፈረንጆቹ 2008 ኮር 2 ዱዎ የሚባለው የኢንቴል ፕሮሰሰር ባለቤቶች በዚህ ሲጨቃጨቁ ከርመዋል፤ ጣሪያው በግልጽ ስላልተነገረ ፕሮግራም ሠሪዎቹ በየግምታቸው ነበር የሚያስገቡት። ኢንቴል በዚያው ዓመት ቁጥሮቹን ይፋ አደረገ። ከዚያ በኋላ የመጡት ትውልዶች ደግሞ ጣሪያቸውን ራሳቸው ውስጥ ስለያዙት ፕሮግራሙ አንብቦ ያገኘዋል፤ ጭቅጭቁም በረደ። ሴንሰሩ ግን ዛሬም ዋና ሥራው ጣሪያው አካባቢ መጠንቀቅ ነው። ከጣሪያው በራቀ ቁጥር ስህተቱ ሊሰፋ ይችላል። «ያንተ ሥራ ፈትቶ 31፣ የኔ 36» እያላችሁ የምትከራከሩ ወንድሞቼ፣ ተዉት።

የማዘርቦርዱ 35 ደግሞ ሌላ ቦታ የተለካ ነው። ሶኬቱ አካባቢ ያለች ትንሽ ሴንሰር ናት። ቦርዱ ላይ ኑቮቶን ወይም አይቲኢ የሚሠሩት ቺፕ አለ፣ እሱ ያነባታል። ቺፑ ብዙ መግቢያ አለው፤ የቦርዱ ሠሪ ሁሉንም አይጠቀምም። ምንም ያልተገናኘበት መግቢያ ያገኘውን ይናገራል። 127 የመጣው ከዚያ ነው። ኮምፒውተር በስምንት ቢት ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ሲቆጥር የመጨረሻው ትልቁ ቁጥር 127 ነው። 127 ዲግሪ ያየ ሰው አይደንግጥ፤ እዚያ ሴንሰር የለም። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚጠቀሙ ሰዎችም ቀኑን ሙሉ 27.8 ላይ ተተክሎ የሚውል መስመር የሚያዩ አሉ። እሱም የምር የሚለካው ነገር የለም።

እና እንዴት ይለያል? እኔ የማደርገው ቀላል ነው። ማሽኑ ጠፍቶ ይደር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባል የለ? ጠዋት ክፍሉ 19 ወይም 20 ዲግሪ ነው እንበል። አብርተህ ወዲያው ተመልከት። ደህናው ሴንሰር ከክፍሉ ሙቀት ትንሽ ከፍ ብሎ ይጀምራል። ገና ከመነሻው 20 ዲግሪ ዘሎ ከጀመረ የተጨመረበት ነገር አለ። ከክፍሉ አየር በታች ካሳየ ደግሞ አትመነው፤ በፋን የሚቀዘቅዝ ነገር ከሚነፋበት አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም። የድሮዎቹ የኤኤምዲ ኤፍኤክስ ፕሮሰሰሮች ሥራ ሲፈቱ እንዲህ እያሉ ብዙ ሰው አስቀዋል።

ከዚያ ሬንደር፣ ማለትም ኤዲት የተደረገውን ቪዲዮ አቀናብሮ የማውጣቱን ከባድ ሥራ፣ አስጀምርና ቁጥሮቹን እያቸው። በሰከንድ ውስጥ የሚዘለው ቺፑ ውስጥ ያለው ነው። ቀስ እያለ የሚወጣው የሶኬቱ ነው። ንቅንቅ የማይለው ምንም አይለካም። ሬንደሩን ስታቆም የመጀመሪያው ወዲያው ይወድቃል፣ ሁለተኛው እየተጎተተ ይወርዳል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን፣ ይሄን ስታደርግ አንድ ፕሮግራም ብቻ ክፈት። ሁለት ሦስት ፕሮግራም ያንኑ ቺፕ በአንድ ጊዜ ሲጠይቁት እርስ በርስ ሊጠላለፉና የማይረባ ቁጥር ሊያመጡ ይችላሉ።

ከቁጥሩ ይልቅ እኔ የማምነው ፍጥነቱን ነው። ፕሮሰሰር ከምር ሲግል ፍጥነቱን ይቀንሳል። የልጁን ማሽን ግማሽ ሰዓት ሬንደር አስደርገነው ከ3.4 ጊጋኸርዝ በታች አልወረደም። 3.4 የተሸጠበት መነሻ ፍጥነቱ ነው። ቲ-ዳይ ከ65 አላለፈም። የምን የውሃ ማቀዝቀዣ!

እግረ መንገዴን፣ አዲስ አበባ ሆናችሁ የውጭ ሰዎች ዩቲዩብ ላይ ያሳዩትን ዲግሪ አትጠብቁ። ከባሕር ጠለል 2,300 ሜትር በላይ ነን። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ፋኑ በዚያው ፍጥነት ቢዞርም የሚያሻግረው ሙቀት ያንሳል። ያንን ክፍላችን ቀዝቀዝ ማለቱ ትንሽ ይክሰዋል። ይሄ ግን የእውነት ሙቀት ነው፣ የፕሮግራም ጠብ አይደለም።

ከልጁ ጋር ያደረግነው ይሄው ነው። አቧራውን አራገፍን፣ በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን የደረቀ ፔስት ቀየርን፣ ባዮስ ውስጥ ፋኑ በስንት ዲግሪ ምን ያህል እንደሚዞር የሚወስነውን መስመር በ20 ዲግሪ ወደ ላይ ገፋነው። ፋኑ እየጮኸ የነበረው 58 ስለተነገረው ነበር፤ አሁን በ58 ቀስ ብሎ ይዞራል። ወጪያችን የፔስት ብቻ ሆነ። ፕሮግራሞቹን አንዱን አስቀርተህ ሌላውን አጥፋ አልኩት፤ እሺ ብሎኝ ሄደ። ባለፈው ቤቱ ጎራ ብል ሁሉንም ከፍቶ ሙሽራ እየቆረጠ ነው። «38ቱን ሳይ ደስ ይለኛል፣ 58ቱን ሳይ ግን አሁንም ይጨንቀኛል ጋሼ» አለኝ። በሉ ለዛሬ ይብቃን፤ ቸር ሰንብቱ።