መጠጥ ቤት ሲከፈት ጎረቤት ይጠየቅ

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፣ የሀገር ሽማግሌዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ መምህራን፣ ጎረቤቶቼ፤ እንደምን አመሻችሁ።

ብዙዎቻችሁ ታውቁኛላችሁ። እዚሁ ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ምግብ ቤት አለኝ፤ ቢራም እሸጣለሁ። ፈቃዴ በፍሬም ሆኖ ከባንኮኒው በላይ ተሰቅሏል። ስለ መጠጥ ፈቃድ የምናገረው ከሩቅ ሆኜ አይደለም፤ እንጀራዬ ነው።

የመጣሁበት ጉዳይ አንድ ነው። መጠጥ ቤት ሊከፈት ሲል አጠገቡ የሚኖረው ሰው ይጠየቅ። ውሳኔውም ይፈቀድ ቢባል አይፈቀድ ቢባል፣ ከነምክንያቱ በጽሑፍ ይሰጥ።

እኔ ስከፍት የተጠየቅሁትን አስታውሳለሁ። ንግድ ምዝገባ፣ ቲን ነምበር፣ የኪራይ ውል፣ የብቃት ማረጋገጫ። ወጥ ቤቱን አዩ፣ መጸዳጃ ቤቱን አዩ፣ የሠራተኞቼን የጤና ምርመራ ወረቀት አገላበጡ። ደግ አደረጉ። ግድግዳ የምንጋራውን ቤት ግን ማንም አላንኳኳም።

ከአጥሬ ማዶ አንድ ሐጂ ከነቤተሰባቸው ይኖራሉ። በከፈትኩበት ዓመት ሁለት ሞንታርቦ ገዝቼ በረንዳው ላይ አቆምኩ። ገበያው ደራ፤ እኔም ደስ አለኝ። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሐጂ መጡ። ወደ ውስጥ አልገቡም፤ ደፉ ላይ ቆመው አስጠሩኝ። ድምፃቸውንም ከፍ አላደረጉም። «እህቴ፣ ልጄ ማትሪክ ልትፈተን ሦስት ሳምንት ቀርቷታል። እኛስ ለምደነዋል። እሷ ግን ሌሊት አንዱን ገጽ ሦስቴ አራቴ ታነባለች፣ አልያዝ ይላታል» አሉኝ። ሞንታርቦዎቹን በዚያው ቀን አስገባሁ፤ እስከ ዛሬም በረንዳ ላይ አልወጡም።

እስቲ አስቡት፣ ሐጂ ባይመጡስ? እሳቸው የተከበሩ ሰው ናቸው፤ መጥተው መናገር ይችላሉ። ከሌላው መጠጥ ቤት ጀርባ ያለችው አራስ ማን ጋ ትሄዳለች? የሌሊት ፈረቃ ሠርቶ ቀን የሚተኛው ዘበኛስ? ባለቤቱን የሚፈራ፣ ወይም የባለቤቱ ተከራይ የሆነ ሰውስ?

ደጋ ላይ የሚኖር ሰው ሙዚቃ ቢረብሸው መስኮቱን ይዘጋል፣ ብርድ ልብሱን ይከናነባል። ድሬ ላይ በግንቦት ሌሊት መስኮት የሚዘጋ ማን ነው? ስንቶቻችን ነን በሙቀቱ ወራት አልጋችንን ግቢ አውጥተን የምንተኛው? እዚህ ከተማ ውስጥ በጎረቤትና በጎረቤት መካከል ያለችው አጥር ብቻ ናት፤ ድምፅ ደግሞ አጥር አያግደውም። ለዚህ ነው ጎረቤትን መጠየቅ ከሌላው ቦታ ይልቅ እኛ ዘንድ የሚያስፈልገው።

ሌላው ያንገበገበኝ ነገር አንድ ትምህርት ቤት አጠገብ ያየሁት ነው። የሰፈሩን ስም አልጠራም፤ የተናገርኩት አንድን ነጋዴ ለማሳጣት እንዳይመስል። የትምህርት ቤቱን አጥር ተደግፎ ግሮሰሪ ተከፍቷል። ጠዋት ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል የልጅ ልጄን ሳደርስ ሌሊት የተከፈተው ቢራ ቆርኪ በሩ ላይ ተዘርግፏል። ልጆቹ ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ቁጢጥ ብለው ይለቅማሉ። በየቀለሙ ይለያሉ፣ ይቀያየራሉ። አንዱ ልጅ፣ ሰባት ዓመት ቢሞላው ነው፣ ቆርኪውን ገልብጦ ሳያነብ በቀለሙ ብቻ የየትኛው ቢራ እንደሆነ ለጓደኛው ይነግረዋል። አንዱንም አልሳተም። ያ ልጅ ፊደል ገና አልጨረሰም።

አዋጅ 1112/2011 ዕድሜው 21 ላልሞላ ሰው መጠጥ መሸጥን ይከለክላል። የመጠጥ ማስታወቂያም በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተላለፍ ያደረገው ይኸው አዋጅ ነው፤ ልጆች እንዳያዩት ተብሎ። ከቴሌቪዥን ያወጣነውን ማስታወቂያ ትምህርት ቤት በር ላይ አስቀመጥነው ማለት ነው። ያንን ፈቃድ የፈረመው ሰው ክፉ ነው አልልም። ቦታውን አላየም፤ ያየው ማኅደሩን ነው። መምህራኑን ቢጠይቅ ኖሮ ግን በአምስት ደቂቃ ይነግሩት ነበር።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ልጄን ላርስ ለንደን ሄጄ ነበር። ከሰዓት በኋላ የሕፃኗን ጋሪ እየገፋን ስንወጣ፣ ገና ባልተከፈተ አንድ ምግብ ቤት በር ላይ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ወረቀት ተለጥፎ አየሁ። ሥራዬ ነውና ቆምኩ፤ ልጄ አነበበችልኝ። እገሌ የሚባል ሰው እዚህ ቤት መጠጥ ለመሸጥ ፈቃድ ጠይቋል፣ ከዚህ ሰዓት እስከዚህ ሰዓት ሊሸጥ ነው፣ ሐሳብ ያለው ሰው እስከዚህ ቀን ድረስ ለአካባቢው ምክር ቤት ይጻፍ ይላል። አላፊ አግዳሚው ሁሉ ያነበዋል።

ኋላ ልጄን ጠይቄ አጣርቻለሁ። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 የወጣ የፈቃድ ሕግ አላቸው። እንግሊዝና ዌልስ ውስጥ የመጠጥ ፈቃድ የሚሰጠው የአካባቢው ምክር ቤት ነው። ወረቀቱ 28 ቀን በሩ ላይ ይቆያል። ተቃውሞ ከመጣ የተመረጡ የምክር ቤት አባላት፣ ብዙ ጊዜ ሦስት ሆነው፣ በይፋ ተቀምጠው ሁለቱንም ወገን ይሰማሉ። የሚወስኑትም አራት ነገር አይተው ነው፦ ወንጀልና ረብሻን መከላከል፣ የሕዝብ ደኅንነት፣ ጎረቤትን አለማወክ፣ ልጆችን ከጉዳት መጠበቅ። ስኮትላንድ ደግሞ በራሷ ሕግ አምስተኛ ጨምራለች፣ የሕዝብ ጤናን። ምክንያቱን በጽሑፍ ይሰጣሉ፤ ያልተስማማ ፍርድ ቤት ይሄዳል። እኔን እንደ ነጋዴ ያስደሰተኝ ደግሞ ይኼ ነው፦ ማመልከቻው የተሟላ ሆኖ ተቃውሞ ካልቀረበበት ፈቃዱን የግድ ይሰጣሉ። ሹሙ ፊቴን ስላልወደደው አይቀርም።

እንግሊዞቹን እንዳለ እንቅዳ አይደለም የምለው። መጠየቁ ግን የእኛም ወግ ነው። ልጃችንን ስንድር መንገዱ ላይ ድንኳን የምንተክለው ጎረቤት አስፈቅደን ነው። ሁለት ቀን ለሚቆም ድንኳን ቤት ለቤት ዞረን «አስቸገርናችሁ» እንላለን። አሥር ዓመት ለሚቆም መጠጥ ቤት ግን ማንም ማንንም አይጠይቅም።

ስለ ጽሑፉ ደግሞ ልናገር፤ እዚህ ላይ የደረሰብኝ አለ። አንድ ዓመት ፈቃዴን ላሳድስ ሄጄ «አይታደስም» ተባልኩ። የመሥሪያ ቤቱን ስም ተዉት። ለምን ብል «ከላይ ነው» አሉኝ። በጽሑፍ ስጡኝ ብል የሚሰጠኝ አጣሁ። አሥራ አንድ ቀን ተመላለስኩ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ታደሰልኝ፤ ለምን እንደታደሰም የነገረኝ የለም። ጥፋት ካለብኝ ላርመው ፈልጌ ነበር። እስከ ዛሬ አላወቅሁትም። ምክንያቱ ያልተጻፈ ውሳኔ ነጋዴውን ደጅ ጠኚ ያደርገዋል፤ ደጅ የጠና ነጋዴ ደግሞ እጁን ወደ ኪሱ መስደዱ አይቀርም። ጎረቤቱም ቢሆን ይኸው ነው። አቤቱታ ያስገባል፣ መልስ አይመጣም፣ በዓመቱ ግሮሰሪው እንዳለ ነው። ተበላልተው ነው ይላል። እውነት ይሁን ሐሰት ማን ያውቃል?

ከዚያ የዘመቻው ጊዜ ይመጣል። በአንድ ጧት በየመንገዱ በሩ ላይ «ታሽጓል» የሚል ወረቀት ይለጠፋል። ጥፋተኛውም ጥፋት የሌለበትም አብሮ ይታሸጋል። ያን ጊዜ ማን ከሜዳ እንደሚወድቅ ልንገራችሁ። ባለቤቱ አይደለም፤ ባለቤቱ ሌላ መተዳደሪያ አያጣም። አስተናጋጇ ናት። ከገጠር መጥታ ወር ጠብቃ ለእናቷ የምትልከው ልጅ ናት፤ የምታድረውም እዚያው ቤት ውስጥ ስለሆነ ቤቱ ሲታሸግ ፍራሿም አብሮ ይታሸጋል። አንዷን እኔ አስጠግቻታለሁ፤ የለበሰችውን ብቻ ይዛ ነው የመጣችው። መጀመሪያ በቃል፣ ቀጥሎ በጽሑፍ፣ ከዚያ ሰዓት በማሳጠር፣ ካልሆነ በማሸግ መሄድ ሲቻል በአንድ ጊዜ እሽጉ ላይ መድረስ ልክ አይደለም።

ጎረቤት ከተጠየቀማ እምቢ ይላል፣ ተፎካካሪም በጎረቤት ስም ይቃወማል የምትሉ ትኖራላችሁ። የሥራ ባልደረቦቼም ይኼን ነግረውኛል። ስጋቱ አለ። መልሱ ተቃውሞው በምን ላይ እንደሚሆን አስቀድሞ መወሰን ነው። አልወድም ማለት ብቻ ምክንያት አይሁን፤ ገበያዬን ይሻማል ማለትም አይሁን። ትምህርት ቤቱ ቅርብ ነው፣ መንገዱ ጨለማ ነው፣ የሰዓቱ መርዘም እንቅልፍ ይነሳል፣ መስጊዱ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ነው ይባል፤ ያ ይሰማል። እኔ ደግሞ በኛ ከተማ ሰው አምናለሁ። ሐጂ መጠጥ በእምነታቸው ሐራም ነው፤ ግን ዝጊ አላሉኝም። ቀንሺ ነው ያሉኝ።

የምሸጠውንም ነገር አውቀዋለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ፈረንጆች በ2019 በአልኮል ሰበብ 2.6 ሚሊዮን ሰው ሞቷል ብሏል። ስኳርና ሳሙና የሚሸጥበት ፈቃድና ይኼ ፈቃድ በአንድ ዓይን ሊታዩ አይገባም። ምግብ ቤትና ድራፍት ቤትም አንድ አይደሉም። እኔ ጋ ሰው ጥብሱን በልቶ አንድ ቢራ ጠጥቶ ይሄዳል፤ ጃምቦ እየተደጋገመ እስከ ሌሊት የሚጠጣበት ቤት ጣጣው ሌላ ነው። ጠላና አረቄ እየሸጡ ልጅ የሚያሳድጉትን እናቶች ደግሞ ለብቻቸው እዩልኝ፤ በትልቁ ቤት ሚዛን ከተመዘኑ መደበቅ ብቻ ነው የሚተርፋቸው።

የተከበራችሁ የምክር ቤት አባላት፤ የከተማችን ቻርተር፣ አዋጅ 416/1996፣ ድሬዳዋን የራሷ ምክር ቤት እንዲኖራት አድርጓል። ፈቃድ መፈረም የአስፈጻሚው ሥራ ነው፤ አካሄዱን መጠየቅና ማስተካከል ግን የእናንተ ነው። ማስታወቂያው በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሶማሊኛ ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ። ሐሳብ ያለው ሰው ቀበሌው ላይ ቀርቦ ይሰማ። የመዝጊያው ሰዓትና የድምፁ ልክ ፈቃዱ ላይ ይጻፍ፤ ጎረቤትም መጥቶ ማንበብ ይችል።

የእኔ ፈቃድ እድሳቱ በመጪው ሐምሌ ነው። የመጀመሪያውን ማስታወቂያ የኔ በር ላይ ለጥፉት። ሐጂንም ጠይቋቸው።