የአድማጮች ጥያቄና መልስ፦ ኢሪትሮማይሲንና ማክሮላይዶች በላቦራቶሪ

ጥያቄ (ከማራኪ፣ ተማሪ)፦ ኢሪትሮማይሲኑን በተጣራ ውሃ ብበጠብጠው ከሥር ይዘቅጥብኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህታችን፣ ውሃውን ተይው፤ ኢሪትሮማይሲን፣ ማክሮላይድ ከሚባሉት ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒቶች አንዱ፣ በኤታኖል ነው የሚሟሟው። 50 ሚሊግራም ዱቄት በ10 ሚሊሊትር ኤታኖል አሟሚና ፍሪዘር ውስጥ አስቀምጪ። ባሲለስ ሰብቲለስ በተባለው ባክቴሪያ ላይ ኢአርኤም ጂን (መድኃኒቱን እንዲቋቋም የሚያደርገውን) አስገብተሽ የተቀበለውን ለመለየት ከሆነ፣ ለ500 ሚሊሊትር አጋር (ባክቴሪያ የሚበቅልበት ጄል) ከዚህ 100 ማይክሮሊትር ይበቃል፤ በሚሊሊትር 1 ማይክሮግራም ማለት ነው። በዚያው ላይ በሚሊሊትር 25 ማይክሮግራም ሊንኮማይሲን የተባለ ሌላ ፀረ ባክቴሪያ ይጨመራል፤ ጂኑ ሁለቱንም ይመክታልና። መድኃኒቱ የሚገባው አጋሩ ወደ 50 ዲግሪ ሲበርድ፣ ጠርሙሱ እጅ ማቃጠሉን ሲተው ነው። ጂኑ የሌለውን ባክቴሪያም በአንዱ ሳህን ላይ ዝሪ፤ እሱ ከበቀለ መድኃኒትሽ አልሠራም። ኢ. ኮላይ በተባለው ባክቴሪያ ግን በዚህ መጠን አትድከሚ፣ ውጫዊ ሽፋኑ አያስገባውም።

ጥያቄ (ከአዘዞ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ)፦ ኢሪትሮማይሲን የማይገታው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የተባለ ባክቴሪያ በክሊንዳማይሲን (ሌላ ፀረ ባክቴሪያ) ዲስክ፣ ማለትም መድኃኒት በያዘ ክብ ወረቀት፣ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ሰፊ ክብ ያሳያል። ክሊንዳማይሲን ይሠራል ብዬ ልመነው?

መልስ፦ ገና አይመኑት። ኢአርኤም ጂኑ ተኝቶ ሊሆን ይችላል። ኢሪትሮማይሲን ይቀሰቅሰዋል፣ ክሊንዳማይሲን ብቻውን ግን አይቀሰቅሰውም። ጂኑ ሲነቃ መድኃኒቶቹ በሪቦሶሙ (የባክቴሪያው ፕሮቲን መሥሪያ) ላይ የሚያርፉበትን ቦታ ስለሚለውጠው ሁለቱም አይይዙም።

ባክቴሪያውን በማክፋርላንድ 0.5 ድፍርስነት (ማክፋርላንድ የድፍርስነት መለኪያ ነው) በጥብጠው በ15 ደቂቃ ውስጥ ሙለር ሂንተን አጋር ላይ ይቀቡ። 15 ማይክሮግራም የኢሪትሮማይሲን ዲስክና 2 ማይክሮግራም የክሊንዳማይሲን ዲስክ ከ15 እስከ 26 ሚሊሜትር አራርቀው ያስቀምጡ፤ በ35 ዲግሪ ከ16 እስከ 18 ሰዓት ያቆዩ። የክሊንዳማይሲኑ ክብ በኢሪትሮማይሲኑ በኩል፣ ጎኑ በቢላ እንደተቆረጠ ድፎ ዳቦ ቀጥ ካለ፣ ክሊንዳማይሲን አይሠራም ብለው ይጻፉ። ክቡ ውስጥ ስስ ጭጋግ መሰል እድገት ካዩም እንደዚያው። ክቡ ሙሉና ጥርት ያለ ከሆነ ባክቴሪያው ኢሪትሮማይሲንን ወደ ውጭ የሚተፋ ዓይነት ሊሆን ይችላል፤ ክሊንዳማይሲኑ ይሠራል።

ብዙ ጊዜ የሚያሳስተው የዲስኮቹ ከልክ በላይ መራራቅ ነው፤ ጂኑ ቢነቃም ቅርጹ አይታይም። ከፍሪጅ የወጣ ዲስክ ሳይከፈት አንድ ሰዓት ይቆይ፣ አለዚያ ጤዛ ይይዘዋል። ሳህኑን ሻማ በርቶበት በሚከደን ማሰሮ ውስጥም አያስገቡት፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ አጋሩን አሲዳማ ያደርገውና ማክሮላይዱ ይደክማል።

ጥያቄ (ከፒያሳ)፦ ኦቶክሌቩ (በእንፋሎት ግፊት የሚያመክነው ማሽን) 15 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) እያሳየ አጋራችን ለምን ይበላሻል?

መልስ፦ ጎንደር ከ2,000 ሜትር በላይ ናት፤ የውጭው አየር ስስ ስለሆነ እዚህ 15 ፒኤስአይ ሙቀቱን 117 ዲግሪ አካባቢ ብቻ ያደርሰዋል። ቴርሞሜትሩን ይዩ፤ 121 ከደረሰ በኋላ 15 ደቂቃ ይቁጠሩ። ለዚያ ወደ 18 ተኩል ፒኤስአይ ያስፈልጋል፤ ማሽኑ ይህን ካልፈቀደ ግፊቱን ሳይሆን ጊዜውን ያስረዝሙ።