ልጁ ስንት ወሩ ነው?

እንደምን አላችሁ? እናቶች፣ አባቶች፣ አያቶች፣ ሆዳችሁ ገፍቶ ወንበሩ ያልተመቻችሁ ነፍሰ ጡሮች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ሕፃን ይዛችሁ የመጣችሁ ደግሞ ዘና በሉ። ቢያለቅስ፣ ቢጮህ ማንም ዞር ብሎ አይገላምጣችሁም። እዚህ ያለን ሰዎች ያንን ድምፅ በደንብ እናውቀዋለን።

እኔ የሕፃናት ነርስ ነኝ፤ የሁለት ልጆች እናትም ነኝ። ስለ ልጅ አስተዳደግ አውሪልን ተብዬ ነው የተጠራሁት። እኔ ግን ማውራት የፈለግኩት እርስ በርሳችን ስለምንሰጣጠው ምክር ነው። ወላጅ ከሐኪም ይልቅ የሚሰማው ወላጅን ነው። ሐኪሙን የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው። ጎረቤቱን፣ እህቱን፣ የሥራ ባልደረባውን ግን በየቀኑ ያገኛል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጅ አቅፎ በአንድ እጁ መልእክት የሚጽፈውም ለእናንተ ነው። ስለዚህ ቃላችሁ ክብደት አለው። አንዳንዴ ከምታስቡት በላይ።

አሁን አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንዲት እናት «ልጄ ሌሊት አልተኛ አለኝ፣ ምን ይሻለኛል?» ትላለች። መልሱ ይዘንባል። «ተይው ያልቅስ፣ ይለምዳል።» «ኧረ በፍጹም! እቀፊው እንጂ።» «ወተትሽ አልበቃው ብሎ ነው፣ ጡጦ ጨምሪለት።» «ጥርስ ሊያወጣ ነው።» «የእኔም እንደዚያ ነበር፣ ምግብ ሳስጀምረው ለጥ ብሎ ተኛ።» አምስት ሰው መለሰ። ልጁ ስንት ወሩ እንደሆነ የጠየቀ ግን የለም።

ልጁ የሦስት ሳምንት ከሆነ ሌሊት መንቃቱ ችግር አይደለም። ጨቅላ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል፤ ሌሊቱም ከ24ቱ ሰዓት ውስጥ ነው። ለዚህ ልጅ «ምግብ አስጀምሪው» ማለት አደጋ ነው። የአሥር ወር ልጅ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። በዚያ ዕድሜ ብዙ ልጆች እናታቸው ከዓይናቸው ስትርቅ ይጨነቃሉ፤ ሌሊት የሚነቁትም «አለሽ ወይ?» ለማለት ሊሆን ይችላል። ሁለት ዓመቱ ከሆነም እንደገና ሌላ ነው። አምስቱ መካሪዎች ሁሉም እውነታቸውን ነው። እያንዳንዳቸው ግን የሚመልሱት ስለ ራሳቸው ልጅ ነው።

እኔ የምለምናችሁ ይህን ነው። መጀመሪያ ዕድሜውን ጠይቁ። ቀጥሎ ልትናገሩት ያሰባችሁት ነገር «የእኔ ልጅ እንዲህ ነበር» የሚባል ነው ወይስ «ይህ አደጋ ነው» የሚባል፣ ለይታችሁ ተናገሩ። ሁለቱ ሲደባለቁ ነው ወላጅ የሚደናገረው።

መራመድን ውሰዱ። «የእኔ ልጅ በዘጠኝ ወሩ ሄደ» የሚል ወላጅ በሁሉም ቦታ አይጠፋም። ልጇ ዓመት ሞልቶት ያልተራመደላት እናት ይህን ሰምታ ቤቷ ገብታ ታለቅሳለች። የዓለም ጤና ድርጅት በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ጤናማ ልጆችን ተከታትሎ ውጤቱን እ.ኤ.አ. በ2006 አውጥቷል። ልጆቹ ያለ ድጋፍ መራመድ የጀመሩት ከ8 ወር ገደማ እስከ 17 ወር ተኩል ባለው ሰፊ ጊዜ ውስጥ ነው። ከመቶው አራት የሚሆኑት ደግሞ በእጅና በጉልበታቸው ጭራሽ ሳይድሁ ነው የተራመዱት። ስለዚህ ዘጠኝ ወርም ልክ ነው፣ አሥራ ስድስትም ልክ ነው። 18 ወር ሞልቶት የማይራመድ ልጅ ይታይ። ከዚያ በፊትም ቢሆን ይችለው የነበረውን ነገር የተወ ልጅ፣ ይቀመጥ የነበረ መቀመጥ ካቃተው፣ ቃላት የነበሩት ዝም ካለ፣ በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ሳይውል ሳያድር ሐኪም ይየው። እዚህ ላይ «የእኔም እንደዚያ ነበር» አይሠራም።

የሕፃን ማልቀስም እንደዚሁ ነው። የጨቅላ ሕፃን ማልቀስ በሁለተኛው ሳምንት ገደማ መጨመር ይጀምራል። ስድስተኛው ሳምንት አካባቢ ጣሪያ ይነካል። ሦስት አራት ወር ሲሆነው አብዛኛው ረገብ ይላል። አሜሪካዊው የሕፃናት ሐኪም ቤሪ ብራዜልተን እናቶች በየቀኑ እንዲመዘግቡ አድርጎ ይህን አካሄድ ያሳየው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው።

እስቲ አስቡት። አምስተኛው ሳምንት ላይ እናት የቁርጠት ጠብታ ትሞክራለች። ጭራሽ ባሰበት። ስምንተኛው ሳምንት ላይ ጡጦውን ትቀይራለች። ትንሽ ሻል አለው። አሥረኛው ሳምንት ላይ ሆዱን ማሸት ትጀምራለች። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ልጁ ፀጥ! ማሸቱ ተመሰገነ። ከዚያ በኋላ ያገኘቻትን እናት ሁሉ «ሆዱን እሺው» ትላለች። ምስጋናውን የሚወስደው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ የተሞከረው ነገር ነው። ቀስ ብሎ ማሸት ክፋት የለውም፣ እሹ። ችግሩ የአምስት ሳምንት ልጅ ያላት እናት ላይ ነው። አሽታ አሽታ ልጁ ዝም ካላለ «እኔ ነኝ የማላውቅበት» ትላለች። ለእሷ የሚጠቅማት «ይህ ሳምንት ከባዱ ነው፣ ያልፋል፣ አንድ ሰዓት ልያዝልሽና ተኚ» የሚላት ሰው ነው።

ሲመርራችሁ ደግሞ ልጁን በጀርባው አልጋው ላይ አስተኝታችሁ፣ በሩን ዘግታችሁ ለጥቂት ደቂቃ ውጡ። ሕፃን በፍጹም አይነቀነቅም። አንድ ጊዜ በንዴት መነቅነቅ አንጎሉን ሊያደማው፣ ሊገድለውም ይችላል።

አሁን ወደ ከባዱ ልግባ። ምክር በቅንነት ስለተሰጠ ብቻ ትክክል አይሆንም። ከ1940ዎቹ ጀምሮ እስከ 1980ዎቹ ድረስ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምለው፣ በብዙ የምዕራብ አገሮች ሕፃን በሆዱ እንዲተኛ ይመከር ነበር። የሚመክሩት ጎረቤቶች ብቻ አይደሉም። ሐኪሞችም፣ በጣም የተሸጡ የልጅ አስተዳደግ መጻሕፍትም ነበሩ። ምክንያቱ ሲሰሙት ያሳምናል፤ በጀርባው ከተኛ ቢያስታውክ ትን ይለዋል ነው። ልጆቹ ግን በተኙበት ይሞቱ ነበር። ብሪታንያ ሕፃናት በጀርባቸው እንዲተኙ ዘመቻ የጀመረችው በ1991 ነው፣ አሜሪካ ደግሞ በ1994። በአሜሪካ ድንገተኛ የሕፃናት ሞት ከግማሽ በላይ ቀነሰ። በ2005 የወጣ አንድ ጥናት ወደ ኋላ ሄዶ ሲያይ፣ በሆድ ማስተኛት አደገኛ መሆኑን የሚያሳየው ማስረጃ በ1970 ተገኝቶ ነበር። ያኔ ቢሰማ ኖሮ በብሪታንያ ብቻ ከ10,000 በላይ ሕፃናት ይተርፉ ነበር።

ያ የትንታው ፍርሃት ዛሬም አለ። አያቶች፣ በእናንተ አልፈርድም፣ በጊዜው የተነገራችሁ እሱ ነው። ግን የሰውነቱን አሠራር ተመልከቱ። ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከላይ፣ የምግብ ቧንቧው ከታች ይሆናል። የተመለሰው ወተት ወደ አየር ቧንቧው ለመግባት ሽቅብ መውጣት አለበት። በሆዱ ሲተኛ ይገለበጣል፤ የአየር ቧንቧው ከታች ስለሚሆን ወተቱ ቁልቁል ነው የሚወርድለት። ስለዚህ ቀንም ሌሊትም በጀርባው ይተኛ። ፍራሹ ጠንከር ያለና ለጥ ያለ ይሁን። ትራስ፣ አሻንጉሊት፣ ለስላሳ ብርድ ልብስ አልጋው ውስጥ አይግባ። በሆዱ የሚሆነው ነቅቶ ሳለ፣ እናንተም እያያችሁት ነው። ያኔ አንገቱንና ትከሻውን ያጠነክርለታል።

እንዲህ «እንደ ልጁ ነው» የማይባልባቸው ጥቂት ነገሮች አሉ። ዓመት ላልሞላው ልጅ ማር አይሰጥም፣ በጣት ጫፍም ቢሆን። ማር ውስጥ ሊኖር የሚችለው የቦቱሊዝም ተህዋስ በሕፃን አንጀት ውስጥ ተራብቶ ጡንቻውን ያዝለዋል። ስድስት ወር ላልሞላው ልጅ ውሃ አይሰጥም፤ የእናት ጡት ወተትም ሆነ በትክክል የተበጠበጠ የዱቄት ወተት በሙቀት ጊዜም የሚበቃውን ውሃ ይዟል። ሦስት ወር ያልሞላው ልጅ ሙቀቱ 38 ዲግሪ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ለማንም መልእክት አትጻፉ። ተነስታችሁ ሂዱ።

ታዲያ የእኛ ምክር የሚጠቅመው የት ነው? ብዙ ቦታ። ለእኔ ትልቁ ጡት ማጥባት ነው። ጡቷ ተሰንጥቆ በየጊዜው ጥርሷን ነክሳ የምታጠባ እናት ወረቀት ብትሰጧት ብዙም አይረዳትም። አጠገቧ ቁጭ ብላ የምታይላት ሴት ናት የምትረዳት። ምን እንደምታዩ ልንገራችሁ። የልጁ ሆድ ከእናቱ ሆድ ጋር ፊት ለፊት ነው? ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ነው ወይስ አንገቱ ተጠምዟል? አፉን በደንብ ከፍቷል? የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጧል? አገጩ ጡቷን ነክቷል? በጡት ጫፉ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ክፍል ከታች ይልቅ ከላይ በኩል በዛ ያለው መታየት አለበት። ጉንጩ ሞላ ካለ፣ ቀስ እያለ በጥልቀት ከጠባ፣ ሲውጥ ከተሰማ፣ ጎርሷል። ጉንጩ ወደ ውስጥ ከጎደጎደና ጧ ጧ የሚል ድምፅ ካለ የያዘው ጫፉን ብቻ ነው። ትንሿን ጣቷን በአፉ ጥግ አስገብታ ታላቅቀውና እንደገና ትጀምር። ልጁን ወደ ጡቱ እናምጣ እንጂ ጡቱን ወደ ልጁ አንጎትት። ጎንበስ ብላ የምታጠባ እናት ካየሁ ጀርባዋ ስር ትራስ ሳልጨምርላት አላልፍም፤ አመሌ ሆኗል።

«ወተቴ አይበቃውም» ለምትል እናትም ቶሎ ጡጦ አታሲዟት። ማልቀሱ ብቻውን አይናገርም። ዳይፐሩን ቁጠሩ። ከአምስተኛው ቀን በኋላ በቀንና በሌሊት ስድስትና ከዚያ በላይ ሽንት የረጠበ ዳይፐር ካለ ጥሩ ምልክት ነው። ክብደቱም አለ። ሕፃን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ ይቀንሳል፤ ሁለት ሳምንት ሲሆነው ወደ ተወለደበት መመለስ አለበት። ካልተመለሰ የጤና ባለሙያ ይየው። በጡጦ የምታሳድግ እናት ደግሞ ለምን ተብላ አትጠየቅ። ማብራሪያ የለባትም።

ድክድክ ስለሚሉት ብዙ አልልም። መሬት ላይ ተዘርሮ ለሚንፈራገጥ የሁለት ዓመት ልጅ በዚያ ሰዓት ንግግር አይገባውም። አጠገቡ ሁኑ፣ እንዳይጎዳ ጠብቁት፣ ንዴቱ ሲበርድለት አቅፋችሁ አውሩ። ክብ ወይን ፍሬ ግን ሳትዘነጉ በቁመቱ ቆራርጣችሁ ስጡ። ድፍኑ ጉሮሮውን ልክክ አድርጎ ይዘጋዋል።

ነፍሰ ጡሮች፣ አልረሳኋችሁም። አዋቂ ነኝ የሚል ሁሉ የምጡን ታሪክ ይነግራችኋል፤ የሚያስፈራ ሲሆን ደግሞ በዝርዝር። «አሁን መስማት አልፈልግም» ማለት ነውር አይደለም። ለሌላዋ የተረፈ ክኒን አትዋጡ። ሌላ ልጅ ያሰባችሁ ደግሞ በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ከማርገዛችሁ በፊት ጀምራችሁ እስከ 12ኛው ሳምንት ውሰዱ። የልጁ ኅብለ ሰረሰር የሚገጥመው ከተፀነሰ በመጀመሪያው ወር ውስጥ ነው፤ ያኔ ብዙዎቻችን ማርገዛችንን እንኳ አናውቅም። ደም ካያችሁ፣ ውሃው ያለ ጊዜው ከፈሰሰ፣ የማይለቅ ከባድ ራስ ምታት ከመጣ፣ ዓይናችሁ ከደበዘዘ፣ ፊታችሁና እጃችሁ ድንገት ካበጠ፣ የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰ ጥያቄው ለእኛ አይደለም። እስኪነጋ አትጠብቁ።

አንድ ነገር ቀረኝ። ስለ ልጇ ደጋግማ የምትጠይቅ እናት አንዳንዴ የምታወራው ስለ ራሷ ነው። ከወሊድ በኋላ ባሉት ቀናት ሆድ መባስ፣ ያለ ምክንያት ማልቀስ የተለመደ ነው። ሁለት ሳምንት ካለፈው ግን ሌላ ነው። በዓለም ጤና ድርጅት ግምት ከመቶ ወላዶች 13 ያህሉ የአእምሮ ጤና ችግር ያጋጥማቸዋል፤ በዋናነትም ድብርት። ይታከማል። ስለዚህ «ሁላችንም አልፈንበታል፣ ጠንክሪ» አትበሏት። «አንቺስ እንዴት ነሽ? ልጁ ሲተኛ እንቅልፍ ይወስድሻል?» በሏት። ልጁ ተኝቶም እንቅልፍ ካልወሰዳት፣ ለልጁ ምንም አይሰማኝም ካለች፣ አብራችኋት ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ራሴን ወይም ልጁን እጎዳለሁ የሚል ሐሳብ ካላት ብቻዋን አትተዋት፤ ያንኑ ቀን ትታይ። አባቶችም በድብርት ይያዛሉ፤ እነሱን የሚጠይቃቸው ደግሞ ጭራሽ የለም።

አሁን ወደ ጥያቄ እንሄዳለን። ማይክራፎኑ ከኋላ በኩል ይጀምራል። ነፍሰ ጡሮችና ሕፃን የያዛችሁ ቅድሚያ አላችሁ። ቀደም ብላችሁ የምትወጡ ካላችሁም ማንም አይቀየምም። በሰው ፊት መናገር የማትፈልጉት ነገር ካለ ሲያልቅ በሩ አጠገብ ታገኙኛላችሁ። አመሰግናለሁ።