ማግኔቱን ከኪሴ ያወጣሁበት ቀን

ሰላም፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬም እንደተለመደው ከእራት በኋላ ሙቀቱ ረገብ ሲል ነው የምቀዳው፤ መስኮቱን ካልከፈትኩ መተንፈስ ስለማይቻል ያ የምታውቁት ባጃጅ በመካከላችን ማለፉ አይቀርም፤ ሲመጣ ዝም ብለን እናሳልፈዋለን። ባለፈው ክፍል መጨረሻ ላይ ስለ ሙሽራዋ፣ አዲስ የስቴንለስ ካሶኒ (የጭነት ሳጥን) ስላሠራሁላት መኪናዬ ማለቴ ነው፣ አንድ ነገር ጀምሬ "ሌላ ጊዜ" ብዬ መዝጋቴን ያስተዋላችሁ ጥቂቶች አይደላችሁም። እውነቱን ለመናገር ሰዓት አጥሮኝ አልነበረም፤ ታሪኩ እኔን ደህና ሰው አድርጎ ስለማያሳይ ነበር። አሁንም አያሳይም፤ ነገር ግን ከሦስት ሳምንት በላይ ውስጤ ሲመላለስ ስለቆየ እስቲ ድምፅ አውጥቼ ልናገረው ብዬ ነው።

ነገሩ የጀመረው ካሶኒው ወለል ላይ ነው። አንድ ቀን ጠዋት ከባቢሌ የሚመጣውን የግመል ወተት ለመጫን ባዶዎቹን ጀሪካኖች ሳነሳ፣ ያ ስንት ገንዘብ የከሰከስኩበት፣ የሰፈር ጎረምሳ ሁሉ እንደ መስታወት ፀጉሩን ያበጠረበት የስቴንለስ ላሜራ ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣቦች አየሁ። ገሚሶቹ የጤፍ ቅንጣት፣ ገሚሶቹ የሰሊጥ ፍሬ ያህሉ ነበር። በአውራ ጣቴ ብጠርጋቸው ቀለማቸው እንደ እርድ ጣቴ ላይ ቀረ። ጎንበስ ብዬ ሳስተውል ነጠብጣቦቹ ዝም ብለው የተበተኑ አልነበሩም፤ እየተጠማዘዙ ቀለበት፣ ቀለበት ሠርተው ነበር። ይህንን ዓይኔ አይቶታል፤ ልቤ ግን አላነበበውም። በጎን በኩል ደግሞ ላሜራው ከላሜራ ጋር በተበየደበት መስመር ላይ ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል ሌላ እድፍ ወርዶ ነበር። ባለቤቴ ከበረንዳው ላይ ሆና "ሙሽራዋ ኩፍኝ ወጣባት እንዴ?" አለችኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እስቅ ነበር።

ያሳሳተኝ ስሙ ነው ብዬ ራሴን ለማጽናናት ሞክሬአለሁ። በመጽሐፍ አማርኛ "አይዝጌ ብረት" እንለዋለን፤ እንዲህ ያለ ስም የተሰጠው ነገር ሲዝግ ሰው የተከዳ ቢመስለው አይፈረድበትም። እንግሊዛዊው ሃሪ ብሬርሊ እ.ኤ.አ. በ1913 ሼፊልድ ከተማ ውስጥ ክሮሚየም የበዛበትን ብረት ሲያቀልጥ ይፈልግ የነበረው የጠመንጃ አፈሙዝ ቶሎ እንዳይበላ የሚያደርግ ብረት ነበር፤ ግኝቱ ግን ቢላዋ ሆኖ ማዕድ ቤት ገባ። ቤታችሁ ያለውን ማንኪያ ገልብጣችሁ 18/10 የሚል ጽሑፍ ብታገኙ፣ መቶ እጅ ከሆነው ብረት ውስጥ አሥራ ስምንቱ ክሮሚየም፣ አሥሩ ደግሞ ኒኬል ነው ማለት ነው። ለእኔ ካሶኒ የታዘዘው 304 የሚባለው ዓይነትም የእሱ የቅርብ ዘመድ ነው። ይህንን ሁሉ የማውቀው አሁን ነው። በዚያ ቀን የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እውነተኛ ስቴንለስን ማግኔት አይዘውም የሚለውን። ይህንን የነገረኝ "ኢንጅነር" የምንለው ጎረቤቴ ነው፤ የትኛውን ኮሌጅ እንዳላጠናቀቀ ታውቃላችሁ።

እንግዲህ ወደዚያች ሰዓት ልመለስ፤ መመለስ የማልፈልግባት ብቸኛ ሰዓት ግን እሷ ናት። ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የወጣ ማግኔት ኪሴ ከትቼ ወደ ብየዳ ቤቱ ሄድኩ። ካሶኒውን የሠራልኝ በያጅ ጋሼ ከሁለቱ ረዳት ልጆች ጋር የግቢ በር እየሠራ ነበር፤ አንድ ደንበኛም ቆሞ ይጠብቃል። ሰላምታ አልሰጠሁም። ማግኔቱን አውጥቼ መጀመሪያ የካሶኒው ወለል መካከል ላይ አስቀመጥኩት፤ ተንሸራተተ፣ አልያዘም። ያን ጊዜ ማቆም ነበረብኝ። ነገር ግን ሰው ፊት የጀመርኩትን ነገር እንዲሁ መተው ስላሳፈረኝ ላሜራው ወደ ላይ ወደታጠፈበት ጠርዝ ወሰድኩት፤ "ጠቅ" ብሎ ያዘ። ይህ ድምፅ ትንሽ ነው፤ የጣት ጥፍር ብርጭቆ ሲነካ የሚሰማው ያህል ነው። እኔ ግን ክስ ያሸነፍኩ ያህል ነው የተሰማኝ። "ይኸው! እርስዎ የስቴንለስ ዋጋ የተቀበሉኝ ለዚህ ነው?" አልኩት።

እርስዎ አልኩት። የድሬ ሰው የሆናችሁ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል፤ ከሌላ አገር ለምታዳምጡ ግን ላስረዳ። እኛ ጋ አባትህ የሚሆነውንም ሰው አንተ ብለህ ታቅፈዋለህ፤ ፍቅራችንም ክብራችንም እዚያው ውስጥ ነው። ጋሼን ከልጅነቴ ጀምሮ አንተ ስለው ነው የኖርኩት። እኔ በንዴት "እርስዎ" ስለው አክብሬው አልነበረም፤ ከዛሬ ጀምሮ ባዳ ነህ ማለቴ ነበር፤ እሱም ይህንን በደንብ ሰምቷል። አንደኛው ልጅ ግራይንደሩን አጠፋ። ጋሼ የፊት መከለያውን ወደ ላይ ገፍቶ አየኝ፤ ማግኔቱን ግን ዞር ብሎም አላየው። የካሶኒውን ወለል ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተና "ጀሪካኖቹን በምን ታጥባለህ?" ብሎ ጠየቀኝ።

እኔም "ወሬ አይቀይሩ" አልኩት።

ሌላ ቃል አልተናገረም። ልጁን ልኮ ሎሚ አስመጣ፤ ለሁለት ቆረጠውና አንድ ቀለበት መርጦ፣ ላሜራው ላይ ያሉት ጭረቶች በሚሄዱበት አቅጣጫ ብቻ ቀስ አድርጎ አሸው። ትንሽ ጠብቆ ውሃ አፈሰሰበት፣ በንጹሕ ጨርቅም አደረቀው። ብርቱካናማው ቀለም የለም። ሁለት ቦታ ላይ ግን በመርፌ የተወጋ የሚመስል ጥቁር ነጥብ ቀርቶ ነበር። ጣቱን እዚያ ላይ አሳርፎ ቀና ብሎ አየኝና "አብሽር" አለኝ። አብሽር! እኔ መኪናዬን አስነስቼ ወጣሁ፤ ማግኔቱ እስከ ቤቴ ድረስ ጠርዙ ላይ እንደተጣበቀ ነበር።

ሌሊቱን እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ማንበብ ጀመርኩ። ለካ 304 ሲገዛ ማግኔት የማይዘው ቢሆንም፣ ሳይሞቅ ሲታጠፍና ሲደበደብ የውስጡ አደረጃጀት በከፊል ስለሚቀየር የታጠፈበት ቦታ ማግኔት ይስባል። በተቃራኒው ደግሞ 430 የሚባለው ዓይነት መላ አካሉን ማግኔት እየሳበው ራሱን የቻለ ስቴንለስ ነው። ስለዚህ የኔ ማስረጃ ያስረዳው ነገር ቢኖር ላሜራው መታጠፉን ነው። ላሜራው መታጠፉን ደግሞ ማንም ዓይን ያለው ሰው ያያል!

ከዝገት የሚጠብቀው ነገር ሌላ ነው። ብረቱ ውስጥ ቢያንስ 10.5 በመቶ ክሮሚየም ሲኖር፣ ክሮሚየሙ ከአየሩ ኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ጥቂት ናኖሜትር ብቻ የሚሆን፣ ዓይን የማያየው ልባስ ይሠራል፤ ቢጫርም ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ ራሱን መልሶ ይሸፍናል። ይህን ልባስ ቀዳዳ በቀዳዳ የሚያደርገው ዋነኛ ጠላት ክሎራይድ ነው፤ ጨው ውስጥ አለ፣ በረኪና ውስጥም አለ። እኔ ደግሞ በየማታው ጀሪካኖቹን እዚያው ካሶኒው ላይ በበረኪና አጥቤ፣ አፋቸውን ደፍቼ አሳድራቸው ነበር። ከአፋቸው ስር የቀረው በረኪና ውሃው እየተነነ ሲሄድ ይበልጥ ይከራል፤ ንጹሕ አየርም እንደልብ አይገባበትም። ቀለበቶቹ የጀሪካን አፍ ልክ ነበሩ። የጋሼ ጥያቄ መልስ ወለሉ ላይ ተጽፎ ነበር ማለት ነው። ባለቤቴ ስንት ጊዜ "ወለሉንም አለቅልቀው እንጂ" ብላኝ ነበር፤ ይህንን ክፍል እንደማትሰማው ተስፋ አደርጋለሁ።

መጣ፣ ባጃጁ። እናሳልፈው። አለፈ።

ታዲያ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ይቅርታ መጠየቅ ቀላል ነበር። በብየዳው መስመር ላይ ያለው እድፍ ግን የበረኪና አይደለም፤ እዚያ ጀሪካን ተቀምጦ አያውቅም። ፍንጩን ያገኘሁት ስለ ሌላ መኪና ሳነብ ነው። ቴስላ የተባለው የመኪና ኩባንያ ሳይበርትራክ የተባለውን፣ አካሉ ቀለም ያልተቀባ ስቴንለስ የሆነውን መኪና እ.ኤ.አ. በ2023 መጨረሻ ለገዢዎች ማስረከብ ከጀመረ በኋላ፣ በ2024 መጀመሪያ ላይ አንዳንድ ባለቤቶች የኔን ዓይነት ብርቱካንማ ነጥብ አየን ብለው አቤት ብለዋል። የተሰጣቸው ማብራሪያ፣ የዛገው የመኪናው ብረት ሳይሆን ከውጭ መጥቶ ላዩ ላይ ያረፈ የተራ ብረት ብናኝ ነው የሚል ነበር። የመኪናው መመሪያም የወፍ ኩስ፣ የሞተ ነፍሳትና የመንገድ ጨው ሲያርፍበት የእጥበት ቀን ሳትጠብቁ ወዲያው አንሱ ይላል። ይህንን ሳነብ ስልኬን አነሳሁ። ሙሽራዋን የተረከብኩ ቀን፣ ከጎኗ አንደኛው ልጅ የብረት በር በግራይንደር ሲቆርጥ ፍንጣሪው በአዲሱ ላሜራ ላይ እንደ ርችት ሲዘንብ አምሮኝ ቀርጬዋለሁ። ያንን ቪዲዮ ለእናንተም በቻናላችን ለቅቄላችሁ "ሰርጓ ደምቋል" ብላችሁ ሳቃችሁ ነበር። እያንዳንዱ ፍንጣሪ የተራ ብረት ቅንጣት ነው፤ ያረፈበት ቦታ ላይ ይዝጋል። የተራ ብረት ዝገት የተፈተገበት የሽቦ ብሩሽ ስቴንለስ ላይ ቢያልፍም ውጤቱ ያው ነው፤ ማዕድ ቤት ያለው የድስት ሽቦም እንደዚሁ።

እንግዲህ የወለሉ ጥፋት የኔ፣ የብየዳው መስመር ደግሞ ምናልባት የእነሱ ነው። ይህንን ሂሳብ ስንት ጊዜ እንደሠራሁት አትጠይቁኝ። ቪዲዮውን ደጋግሜ ሳየው ቆይቼ፣ ለምን እንደማላጠፋው ሳስብ ደስ የማይል ነገር ታየኝ፤ አንድ ቀን ክርክር ቢነሳ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። ጋሼ በሎሚ ያሸው የትኛውን እንደሆነ አስታውሱልኝ፤ የወለሉን ነው። የብየዳውን መስመር አይቶ ይሆን? አይቶት ዝም ብሎ ከሆነ ዝምታው ሁለት ትርጉም አለው፤ ወይም የኔን ነውር ሰው ፊት ሊሸፍንልኝ፣ ወይም የራሱን… አይ፣ ይህንን ልተወው። ስለ ሰው ዝምታ በማላውቀው ነገር መፍረድ ያመጣብኝን አይቻለሁ።

አሁን የማደርገውን ለጠየቃችሁኝ፦ ጀሪካን የሚታጠበው መሬት ላይ ነው። ሙሽራዋ በለስላሳ ጨርቅና በቀላል ሳሙና፣ ጭረቷ በሚሄድበት አቅጣጫ ትታጠባለች፤ አቋርጦ ማሸት የማይጠፋ ምልክት ይተዋል። ከዚያ በደንብ ትለቀለቃለች፣ ከሁሉም በላይ ትደርቃለች፤ የድሬን ውሃ በማንቆርቆሪያችሁ ውስጥ ከሚጋግረው ነጭ ድንጋይ ታውቁታላችሁ፣ በፀሐይ ከደረቀ ላሜራው ላይም ያንኑ ይሠራል። ነጩን በአቼቶ ወይም በሎሚ አስለቅቄ ወዲያው በብዙ ውሃ አጥባለሁ። በመርፌ የተወጉ የሚመስሉት ሁለቱ ነጥቦች ግን አሁንም አሉ፤ ብረቱ ራሱ ስለተበላ ሎሚ አያወጣቸውም።

ያልጠበቅኩት ነገር ከስር መጣ። ባለፈው ሳምንት ከደንገጎ ስወርድ አንድ ነገር ሲንኳኳ ሰምቼ መኪናዋ ስር ብገባ፣ ካሶኒውን ከሻሲው ጋር የያዙት ቡሎኖች ተራ ብረት ናቸው፤ ከስቴንለሱ ጋር በእርጥበት ተነካክተው እንደ ቅጠል ተልጠዋል። ሁለት የተለያዩ ብረቶች ውሃ መካከላቸው ሲገባ ደካማው ለጠንካራው ሲል ይበላል። ደሎሪያን የሚባለው እ.ኤ.አ. ከ1981 ጀምሮ ሰሜን አየርላንድ ውስጥ የተሠራው መኪናም አካሉ 304 ሆኖ ሻሲው ግን ተራ ብረት ስለነበር፣ ዛሬም ባለቤቶቹ ከላይ የሚያብረቀርቀውን ትተው ከስር ተንበርክከው ዝገት ይፈልጋሉ አሉ። እኔም ለሰሊጥ ፍሬ ያህል ነጠብጣብ ሰው አዋርጄ፣ ወተቱን ሁሉ የተሸከመው ቡሎን ግን ከስር ሲያልቅ አላየሁትም።

ቡሎኖቹ በስቴንለስ ተቀይረው፣ ከሻሲው ጋር እንዳይነካኩ መካከላቸው ጎማ ሊገባበት ይገባል፤ አንዱ መያዣም በአርጎን እንደገና መበየድ አለበት። ይህንን ሥራ አምኜ የምሰጠው ሰው በዚህ ከተማ አንድ ነው፤ ማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም። ሐሙስ ዕለት በበሩ አልፌ ነበር። ፍጥነቴን ቀነስኩ። የብየዳው ብርሃን ግድግዳው ላይ ሰማያዊ ሆኖ ብልጭ ድርግም ይላል። ወርጄ ምን እንደምለው ሳስብ አንደበቴ ከመጀመሪያው ቃል ላይ ተያዘ፤ ምንም እንዳልተፈጠረ "አንተ" ብዬ ልግባ? ወይስ "እርስዎ" ብዬ ስድቤን ልድገመው? ሁለቱም አልወጣልኝም፤ ጥሩምባ ብቻ አንድ ጊዜ ነፋሁ። እሱም እጁን አነሳ። ግን እኮ የፊት መከለያውን ደፍቶ ነበር፤ በዚያ መስታወት ውስጥ ደግሞ ከእሳቱ በቀር ምንም አይታይም፣ ስለዚህ እጁን ያነሳው ለእኔ መሆኑን…

ይኸው ደግሞ ተመለሰ ባጃጁ። ቆይ፣ ልዝጋው መስኮቱን።