የሚያዳምጠው ተዋናይ

እንደምን ሰነበታችሁ። በዛሬው ዝግጅቴ የማወራችሁ ስለ አንድ ሰው፣ ስለ እንግሊዛዊው ተዋናይ አላን ሪክማን ብቻ ነው፤ ዓመታቱን ሁሉ የምጠራውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

የሪክማን ስም ሲነሣ ሁሉም ቀድሞ የሚያወሳው ድምፁን ነው፤ እኔም ለዓመታት ከዚያ አልፌ አላውቅም። ውሎዬ ከማይክሮፎን ጋር ስለሆነ ይመስለኛል፣ ያንን ወፍራምና ዝግ ያለ፣ ቃሉን ከመልቀቁ በፊት የሚያቆይ አነጋገሩን በሰማሁ ቁጥር ቅናት ቢጤ ሸንቆጥ ያደርገኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን እንቅልፍ አልወስድ ብሎኝ በ1988 የወጣውን «ዳይ ሃርድ» ከፈትኩና፣ ቤተሰቡ ተኝቶ ስለነበር ድምፁን ጨርሼ አጠፋሁት። ድምፁን የተነጠቀ ሪክማን ምን ይቀረዋል ብዬ ነበር፤ የቀረው ግን ፊልሙ እስኪያልቅ አላስነሣኝም። ሰውየው ያዳምጣል።

የዘራፊዎቹ አለቃ ሃንስ ግሩበር ብሩስ ዊሊስ ከሚጫወተው ፖሊስ ጋር አብዛኛውን ጊዜ የሚነጋገረው በመገናኛ ሬዲዮ ስለሆነ፣ ሪክማን ፊት ለፊቱ ማንም ሳይኖር፣ በእጁ ከያዘው ሬዲዮ የሚወጣ ድምፅ እየሰማ መተወን ነበረበት። ፊቱ አይንቀሳቀስም ለማለት ይቻላል። ዓይኑ ጥቂት ይጠብባል፣ ከዚያም የሰማውን መዝኖ ምን እንደሚያደርግበት ሲወስን ታዩታላችሁ። ተራው እስኪደርስ ዝም ያለ ተዋናይ ብዙ አይቻለሁ፤ እንዲህ የሚሰማ ግን ጥቂት ነው። እርሱ ራሱም የተዋናይ ዋና ሥራ በትክክል ማዳመጥ መሆኑን ደጋግሞ ይናገር ነበር፤ እኔ ግን፣ መቼም ብቻዬን ለማውራት የተቀመጥኩ ሰው ነኝና፣ ነገሩን ከልብ አልወሰድኩትም ነበር።

«ዳይ ሃርድ» የመጀመሪያው የሲኒማ ፊልሙ ነው፤ ያን ጊዜ ዕድሜው 40ን አልፏል። የተወለደው በ1946 በምዕራብ ለንደን፣ አክተን በሚባለው ሰፈር፣ ከፋብሪካ ሠራተኛ አባት ነው። አባቱ ሲሞት ገና 8 ዓመቱ ነበርና እናቱ አራት ልጆች በአብዛኛው ብቻዋን አሳደገች። ሥነ ጥበብ ተማረ፤ ከጓደኞቹ ጋርም የግራፊክ ዲዛይን ቤት ከፈተ። 26 ዓመት ሲሆነው ግን ራዳ ለተባለው ዝነኛ የድራማ አካዳሚ ደብዳቤ ጽፎ እንዲፈትኑት ጠየቀ። የሚያበላውን ሙያ ትቶ እንደገና ተማሪ መሆን በማንም አገር ዘመድ የሚያስደስት ነገር አይደለም። በትምህርቱ ዘመን ኑሮውን የደጎመው የተዋንያን አልባሽ ሆኖ በመሥራት ነው፤ ካለበሳቸው አንዱ ከእንግሊዝ መድረክ ታላላቆች የሚቆጠረው ራልፍ ሪቻርድሰን ነበር። የታላቅ ተዋናይ ኮት ይዞ ከመጋረጃ በስተጀርባ የሚቆም ሰው ከማየትና ከማዳመጥ ሌላ ምን ሥራ አለው?

ከዚያ በኋላ ዓመታት በአነስተኛ ቲያትር ቤቶች፣ በሮያል ሼክስፒር ካምፓኒና በቴሌቪዥን ድራማ አለፉ። ስሙን ያወጣው የ1985ቱ ተውኔት ነው። ክሪስቶፈር ሃምፕተን ከጥንት የፈረንሳይ ልቦለድ ወደ መድረክ ባመጣው «ሌ ልየዞን ዳንጀሩዝ» ሴት አሳች የሆነውን መስፍን፣ ቫልሞንን፣ ተጫወተ። ተውኔቱ የተጀመረው በስትራትፎርድ፣ «ዚ አዘር ፕሌስ» በምትባል ቆርቆሮ ለበስ ትንሽ አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ለእኔ ትልቁ ነገር ይህች ቆርቆሮ ቤት ናት። ተመልካቹ የተዋናዩ ትንፋሽ እስኪሰማው ቀርቦ በተቀመጠበት ቦታ መጮህ አያስፈልግም፤ ቅንድብ ማንሣት ይበቃል። ካሜራም ከተዋናይ የሚፈልገው ይህንኑ ነው። ተውኔቱ ወደ ለንደን፣ በ1987ም ወደ ኒውዮርክ ብሮድዌይ ተሻገረና ቶኒ ለሚባለው ታላቅ የአሜሪካ ቲያትር ሽልማት አሳጨው። የሆነ ሆኖ ዳይሬክተሩ ስቲቨን ፍሪርስ ታሪኩን ፊልም ሲያደርገው ቫልሞንን የሰጠው ለጆን ማልኮቪች ነው። ማልኮቪችን አልነቅፍም፤ ግን ሁለት ዓመት በየምሽቱ የለበሱትን ሰው ሌላው ለብሶት ማየት እንዴት ያለ ነገር ይሆን?

ብሮድዌይ ላይ ያዩት የ«ዳይ ሃርድ» ሰዎች ግን ግሩበርን ሰጡት። ለግሩበር የታሰበው የሽፍታ አለባበስ ነበር፤ ሪክማን ግን ሰውየው ሱፍ ቢለብስ ይሻላል፣ ያን ጊዜ የአሜሪካዊ አነጋገር አስመስሎ ከታጋቾቹ አንዱ ነኝ ሊል ይችላል የሚል ማስታወሻ ለፕሮዲዩሰሩ ትቶ ወደ አገሩ ተመለሰ። ለቀረጻው ተመልሶ ሲመጣ ትዕይንቱ በጽሑፉ ገብቶ ጠበቀው። ለፊልም አዲስ የሆነ፣ ለቲያትር ግን የከረመ ሰው ምክር ነው።

ስለ ድምፁ ጨርሶ ዝም እንዳልል፣ መንጋጋው ሲፈጠር ጀምሮ እንደ ልብ አይላወስለትም ነበር፤ ያ ሁሉ የተደነቀለት ዝግታ በከፊል የመጣው ከዚሁ ነው።

ሁሉም አልሰመረለትም። በ1998 በለንደኑ ናሽናል ቲያትር ከሄለን ሚረን ጋር አንቶኒና ክሊዮፓትራን ሲጫወት ሐያስያን አልማሩትም። ከሦስት ዓመት በኋላ ግን የቫልሞን ተጣማሪው ከነበረችው ሊንዚ ደንካን ጋር በኖኤል ካዋርድ ኮሜዲ ተመልሶ፣ ብሮድዌይ ሲደርሱ ዳግመኛ ለቶኒ ታጨ። ለኦስካር አንድም ጊዜ አልታጨም፤ ይህ የኦስካር ጉድለት እንጂ የእርሱ አይመስለኝም።

ብዙዎቻችሁ የምታውቁት በሃሪ ፖተር ፊልሞች፣ ከ2001 እስከ 2011፣ ሃሪን የሚያስጨንቀውን የአስማት መምህር ስኔፕን ሆኖ ነው። መጻሕፍቱ ገና ተጽፈው ሳያልቁ ደራሲዋ ጄ ኬ ሮውሊንግ ስለ ስኔፕ አንዲት ትንሽ ምስጢር ነግራዋለች። ዐሥር ዓመት ሙሉ ሌላው የማያውቀውን እያወቀ ሲያዳምጥ ኖረ ማለት ነው፤ መጨረሻውን አውቃችሁ የመጀመሪያውን ፊልም ብትደግሙት፣ ዓይኑ ሃሪ ላይ የሚቆየው በጥላቻ ብቻ እንዳልነበር ታያላችሁ።

እኔ ግን አንድ ብቻ ምረጥ ብትሉኝ የምመርጠው የ1995ቱን «ሴንስ ኤንድ ሴንሲቢሊቲ» ነው። ሪክማን የሚጫወተው ኮሎኔል ብራንደን ወደ ቤት ሲገባ ኬት ዊንስሌት የምትጫወታት ማሪያን ፒያኖ እየመታች ትዘፍናለች። እርሱ በሩ ላይ ይቆማል። አንዲት ቃል አይወጣውም፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ የሰውየው ኑሮ ተለውጧል።

ሪክማን ጃንዋሪ 14 ቀን 2016 በ69 ዓመቱ በካንሰር ዐረፈ። ያን ሌሊት ወዳየሁት ፊልም ልመለስና፣ መጨረሻው ላይ ግሩበር ከፎቁ ሲወድቅ የምናየው ፊት አለ። ሪክማን ከከፍታ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የሚለቁት እስከ ሦስት ቆጥረው እንደሆነ ተነግሮት ነበር። ቆጠራውን እያዳመጠ ሳለ፣ ሦስት ከመባሉ በፊት ለቀቁት። ፊልሙ ውስጥ የቀረው ፊት ያ ነው።